ሲሪል ያልጠየቀው ዋስትና

ቶሬቪዬሃ፣ ስፔን
ሴፕቴምበር 14፣ 2018

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለቴልማ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የግሪምስቢ የባሕር ነፋስ ለጉልበት እንደማይመች ስለማውቅ ክረምት በመጣ ቁጥር አስብዎታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጻፍኩልዎ ዓመት እንዳለፈ አውቃለሁ፤ ስንፍና እንጂ ክፋት አይደለም። ስልክ ብደውል ደግሞ መስመሩ አይሠራም ይለኛል።

አሁን የምጽፍልዎ ለራስዎ ጥቅም ነው። እርስዎና ነፍሱን ይማረውና አጎቴ ሲሪል ክሬዲት ካርድ ነበራችሁ። ያኔ ባንኮች ሰው ያልፈለገውን የክፍያ ዋስትና ኢንሹራንስ በካርዱ ላይ እየለጠፉ በየወሩ ይቆርጡ ነበር። አሁን የወሰዳችሁትን መልሱ ተብለዋል። እኔም እዚህ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሰዎች ይህን ገንዘብ እንዲያስመልሱ የምንረዳበት ትንሽ ቢሮ ከፍተናል። የመጨረሻው ቀን የመጪው ዓመት ኦገስት 29 ነው። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አጎቴ ሲሪል ወረቀት የማይጥል ሰው ነበር፤ የካርዱን የየወሩን የሂሳብ መግለጫ አንድ ቦታ አስቀምጦታል። እሱን ያውጡና «የክፍያ ዋስትና» የሚል መስመር ያለበትን ሁሉ ለይተው ይላኩልኝ። ሁለተኛ፣ አብሮ ያለውን የውክልና ወረቀት በእርሳስ ምልክት ባደረግኩበት ቦታ ይፈርሙ። ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ የተለመደ ነገር ነው። ከሚመለሰው ቢሮአችን ከመቶ ሠላሳ ይወስዳል፤ ለእርስዎ ግን ሃያ አምስት አድርጌዋለሁ። ዘመድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

እናቴን ይሳሙልኝ። ወደ መጦሪያው ሲሄዱ በቅርቡ እንደምመጣ ይንገሯት። ጆሮዋ ስለማይሰማ ስልኩ ትርፉ ድካም ነው።

የእህትዎ ልጅ
ኔቪል

---

ግሪምስቢ
ኦክቶበር 21፣ 2018

ይድረስ ለኦድሪ ልጅ ለኔቪል፣

ጤና ይስጥህ። ስለ ጉልበቴ ስለጠየቅኸኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም አሉ፤ የቀኙ ግራውን እያማ፣ ግራው ቀኙን እያማ ሱቅ ድረስ ያደርሱኛል።

ስልኩን ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። በቀን ስምንት ጊዜ እየደወሉ «እመቤት፣ ያልፈለጉት ኢንሹራንስ ተሸጦብዎት ነበር?» ይሉኛል። አንዱን «ልጄ፣ እናትህ ይህን ሥራህን ታውቃለች?» ስለው ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አሁን ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት አንተም ከነሱ ወገን ሆነሃል። እንኳን ደስ ያለህ።

ወረቀቶቹን አግኝቻቸዋለሁ። የሲሪል የውድድር እርግቦች እህል ይቀመጥበት በነበረው ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ በየዓመቱ ተለይተው፣ በላስቲክ ታስረው። ላስቲኩ አርጅቶ ገና ስነካው ይበጠሳል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ እያየሁ ነው። ሲሪል የገዛልኝ ሰማያዊ ኮት እዚያ ውስጥ አለ። እኔ በጥሬ ገንዘብ የገዛው መስሎኝ ነበር፤ ለካ በካርድ ገዝቶ አሥራ አንድ ወር ከፍሎበታል። የእርግቦቹ መድኃኒት አለ። የምትላት መስመር ደግሞ በየወሩ አለች። ስምንት ፓውንድ፣ ዘጠኝ ፓውንድ፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባል የለ፤ አንድም ቀን አላየናትም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህ ዋስትና ለምን ነበር? ምን ቢደርስብን ነበር የሚከፍልልን? አንተ ባንክ ቤት ሰባት ዓመት ስለሠራህ ታውቀዋለህ ብዬ ነው።

እናትህ ደህና ናት። አዲስ የጆሮ መስሚያ ሰጥተዋት አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከታዋለች። ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ሁልጊዜ ትጠይቅሃለች። የመጦሪያውን ስልክ ከታች ጽፌልሃለሁ። እሷ ባትሰማህ ነርሶቹ ይሰሙሃል።

የውክልናውን ወረቀት ገና እያነበብኩት ነው።

አክስትህ
ቴልማ

---

ቶሬቪዬሃ
ኖቬምበር 4፣ 2018

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዎ ስለደረሰኝ ደስ ብሎኛል።

ዋስትናው ለምን ነበር ይሉኛል። ለምንም አልነበረም። ለማንም አንዲት ሳንቲም ከፍሎ የማያውቅ ባዶ ወረቀት ነው፤ መልሱ የተባሉትም ለዚሁ ነው። እሱን እያሰቡ ራስዎን አያድክሙ። የእርስዎ ድርሻ ወረቀቱን መላክ ነው፣ ጣጣው የኔ ነው። ደግሞ እዚያ ሰፈር በነፃ እናማክራለን የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ዘንድ እንዳይሄዱ። ዓመት ያመላልሱዎትና ቀኑ ያልፋል።

የውክልናውን ወረቀት ማንበብ ምን ያደርግልዎታል? አጎቴ ሲሪል ቢሆን በአንድ ደቂቃ ፈርሞ ወደ እርግቦቹ ይመለስ ነበር።

የእናቴም የካርድ ወረቀቶች አልጋዋ አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ መኖር አለባቸው። እነሱንም አብረው ቢልኩልኝ።

አንድ ትንሽ ነገር። ቢሮው ገና እየተቋቋመ ስለሆነ ለቴምብርና ለመሳሰለው ሁለት መቶ ፓውንድ ቢልኩልኝ ከሚመለስልዎት ላይ አስባለሁ። ከገና በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።

እናቴን ይሳሙልኝ።

ኔቪል

---

ግሪምስቢ
ጃንዋሪ 19፣ 2019

ይድረስ ለኔቪል፣

አዲሱ ዓመት መልካም ይሁንልህ። መልሴ ዘገየ፤ በዚህ በኩል ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ሁለት መቶውን መላክ አልቻልኩም። ከገና በኋላ ያላሰብኩት ወጪ ገጠመኝ።

አትሂጂ ካልከኝ ሰዎች ዘንድ ሄጃለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የምትቀመጥ ወይዘሮ ፓጄት የምትባል ሴት አለች። ቀጭን ናት፤ ከረሜላ ትሰጣለች። ሕጉ ከመቶ ሃያ በላይ መውሰድ ከልክሏል፣ ደግሞም ለዚህ ጉዳይ ወኪል አያስፈልግሽም አለችኝ። የማመልከቻ ወረቀቱን ራሴ ሞልቼ ለባንኩ ልኬዋለሁ። ስለዚህ የውክልናህን ወረቀት ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። ንጹሕ ነው፤ ለሌላ ሰው ይሆንሃል።

ዋስትናው ለምን እንደነበርም ነግራኛለች። ሰው ታሞ ከሥራ ሲቀር የካርዱን የወር ክፍያ ይከፍልለት ነበር፤ እስከ አንድ ዓመት። ይክፈሉልኝ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ሲሪል ወገቡ ተይዞ የተኛው ኦክቶበር 2002 ነው። እስከ ሜይ ድረስ ሰባት ወር። የእነዚያን ወራት ወረቀቶች ለይቼ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። በሰባቱም ላይ የዋስትናው ተቆርጧል፤ በሰባቱም ላይ ዘግይታችኋል ተብለን ቅጣት ተጨምሮብናል። ፌብሩዋሪ ላይ እርግቦቹን ሸጥን። ዳቸስን ጭምር፣ ከፈረንሳይ ድረስ በርራ ቤቷን ያገኘችዋን። ቅርጫቶቹን በአዲሱ መኪናህ ስካንቶርፕ ድረስ ያደረስክልን አንተ ነህ። ያም አልበቃ ብሎ ሲሪል ሐኪሙ ሳይፈቅድለት የዓሣ ሣጥን ሊሸከም ወደቡ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት በዚያ በመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ይህን ሁሉ የምታውቀውን ነው የምነግርህ። የማላውቀውን ልጠይቅህ። ዋስትናውን ማን እንደሸጠልን ታስታውሳለህ?

ስለ እናትህ አትጨነቅ። ሥቃይ የለባትም።

አክስትህ
ቴልማ

---

ቶሬቪዬሃ
ፌብሩዋሪ 2፣ 2019

ይድረስ ለአክስቴ ቴልማ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ አጎቴ ሲሪል የጻፉት ልቤን ነካው። ሁላችንም እንወደው ነበር።

ማን እንደሸጠላችሁ ከየት አውቃለሁ? ያኔ ቅርንጫፉ ውስጥ ሃያ ሰው ነበርን። መስኮት ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ትሆናለች። ከሃያ ዓመት በኋላ የሞተ ነገር መቆፈር ለማንም አይጠቅምም።

እኔ እዚህ ነገር ተበላሽቶብኛል። ጓደኛዬ ኮምፒውተሮቹን ይዞ ጠፋ፤ ቢሮውም ተዘግቷል። የቤት ኪራይ ሦስት ወር አልከፈልኩም። አከራዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ወደ አገሬ ልመለስ ነው የማስበው። ያ የኋላ ክፍል ባዶ ከሆነ ለጥቂት ወራት ቢያስጠጉኝ? ለእናቴም ቅርብ እሆናለሁ። በየቀኑ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ።

እናቴ ትንሽ ገንዘብ ማስቀመጧን አውቃለሁ። በእኔ ስም ይጠይቋት። ለእኔ እምቢ አትልም።

ኔቪል

---

ግሪምስቢ
ማርች 16፣ 2019

ይድረስ ለኔቪል፣

ጤናህ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ ለምትጠብቅህ ሴትዮ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ባንኩ ማመልከቻዬን አልተቀበለውም። ባለቤትሽ ዋስትናውን ፈልጎ፣ ቅጹ ላይ «እፈልጋለሁ» በምትለው ትንሽ ሳጥን ምልክት አድርጎ ፈርሟል ይላል። ወይዘሮ ፓጄት የቅጹን ግልባጭ እንዲልኩ አስገድዳቸው መጣልኝ። በቀለም የተነሣ ነው። እኔም ግልባጩን ገልብጬ ልኬልሃለሁ።

የሲሪል ፊርማ በሰማያዊ ቀለም ነው። ሳጥኗ ላይ ያለችው ምልክት በአረንጓዴ ነው። ከሥር «ሻጭ» በሚለው ቦታ የስምህ የመጀመሪያ ፊደሎችና የሠራተኛ ቁጥርህ አሉ፤ እነሱም በአረንጓዴ።

ቀኑን ሳይ ሁሉም ነገር መጣልኝ። እሁድ ነበር። ቅጹን ያመጣኸው አንተ ነህ። «አጎቴ፣ የዚህ ወር ቁጥሬ ጎድሏል፤ አንድ ካርድ ውሰድና እርዳኝ» አልከው። የሲሪል መነጽር ፎቅ ላይ ነበር። ላምጣልህ ስለው፦

«ተይው። የኦድሪ ልጅ ያመጣውን ወረቀት ቁጭ ብዬ ባነብ ሌባ ነህ ማለት አይሆንብኝም?» አለኝ።

እኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን ሰው ወረቀት ሦስቴ ያነባል፣ የዘመድ ወረቀት ማንበብ ግን ነውር ነው ብሎ ያፍራል። ያንን አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ ያደግኸው እዚሁ ነው። እኔም አላነበብኩም።

ልቆጣህ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ቁጣ የደም ግፊት ያመጣብኛል። ወይዘሮ ፓጄት እንዳለችኝ ሻጩ ራሱ «ደንበኛው ሳያውቅ ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሞ ቢልክ ባንኩ ጉዳዩን እንደገና ማየት ይኖርበታል። ይህን ብታደርግልኝ ከሚመለሰው ግማሹ ላንተ ይውላል። ቃሌ ነው። የኔን ቃል ደግሞ ታውቀዋለህ።

ስለ ክፍሉ ኋላ እንነጋገራለን። የእናትህን ገንዘብ በተመለከተ ጠይቂልኝ ያልከኝን ልጠይቃት አልቻልኩም።

አክስትህ
ቴልማ

---

ቶሬቪዬሃ
ማርች 22፣ 2019

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ወዲያው ነው የምመልሰው። እንደ እርስዎ ዓይነት ልበ ሰፊ ሰው አላየሁም።

ለባንኩ የሚሆነውን ወረቀት ጽፌ ፈርሜ አያይዤዋለሁ። ሁለት መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልጋቸውም። ያኔ ሁሉም ሰው ያደርገው ነበር፤ እኔን ብቻ ለይተው አይዩኝ። ለመሆኑ ጠቅላላው ስንት ይመጣል? ግማሹ ማለት ወለዱን ጨምሮ ነው ወይስ ያለ ወለዱ? ከወዲሁ መቶ ፓውንድ ብቻ ቢልኩልኝ ሴትዮዋን ዝም አሰኛታለሁ።

እናቴ ምነው አንድ ቃል እንኳ አትልክብኝም? ካርድ ላይ ስሟን መጻፍ ትችል ነበር እኮ። ይሳሙልኝ።

ኔቪል

---

ግሪምስቢ
ኤፕሪል 20፣ 2019

ይድረስ ለኔቪል፣

ወረቀትህ ደርሶኛል። ለባንኩ አልላክሁትም፤ ከሲሪል የመደርደሪያ ሰዓት ጀርባ ቆሟል።

አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሲሪል ተኝቶ ሳለ ዋስትናው እንደሚከፍልለት ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር? መልሱ ለባንኩ አይደለም፣ ለእኔ ነው። በእጅህ ጻፍልኝ። እሱ ሳይደርሰኝ ፖስታ ቤት አልሄድም። ቀኑ ኦገስት 29 ነው፤ ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

ቴልማ

---

ቶሬቪዬሃ
ሜይ 19፣ 2019

ይድረስ ለአክስቴ ቴልማ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታውን ልተወው።

አውቅ ነበር።

ያኔ ሥራ አስኪያጃችን ዓርብ ዓርብ ስማችንን በነጭ ሰሌዳ ላይ በተርታ ይጽፍ ነበር። ዋስትናውን ብዙ የሸጠ ከላይ፣ ጥቂት የሸጠ ከታች። ከሁሉ በታች የቀረ ሰው ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሮዝ ሽርጥ ለብሶ ለሁሉም ሻይ ያመላልሳል። ደንበኛ ያየዋል፣ ይስቅበታል። እኔ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ደረሰኝ። ከዚያ ነው ቅጾቹን ይዤ ዘመድ ቤት መዞር የጀመርኩት። መጀመሪያ እናቴ ፈረመችልኝ፣ ቀጥሎ አጎቴ። ምልክቷን ያደረግኳት ከበራችሁ ፊት ለፊት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። በማግስቱ ሽርጡን ሌላ ሰው ለበሰው።

አጎቴ ወገቡን ሲታመም ልነግረው አስቤ ነበር። ግን ብነግረው «ዋስትና መቼ ገዛሁ?» ይለኛል። ደግሞ ደንበኛው ክፈሉልኝ ካለ ከሻጩ ኮሚሽን ይቆረጥ ነበር። አርባ ፓውንድ ነበር የሚቆረጥብኝ። በሚቀጥለው እሁድ እነግረዋለሁ እያልኩ እሁዶቹ አለፉ። ካለፉ በኋላ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚለው መጣ፤ ያንን ፈራሁ።

የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዚህ በኋላ የሚደብቅ ነገር እንዳይኖረኝ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ አንድ እሁድ አጎቴን ደግፈን አውርደን ሳሎን ማዕድ ላይ አስቀመጥነው። እርስዎ የጥብሱን መረቅ ሊያመጡ ወጥ ቤት ገቡ። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ኔቪል፣ አንተ ባንክ ቤት ነህ። ከዚህ ካርድ የምንወጣበት መላ የለም? ቴልማ እንዳትሰማ፤ እርግቦቹን ልሸጣቸው ነው» አለኝ።

«የለም አጎቴ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቢኖር አልነግርህም ነበር?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ትልቁን የሥጋ ቁራጭ አንሥቶ እኔ ሳህን ላይ አደረገው።

ከዚያ እርስዎ መረቁን ይዘው መጡ። ሥጋውን በላሁት። ቅርጫቶቹን ስካንቶርፕ ሳደርስለት ደግሞ የነዳጅ ከፈለኝ፤ ተቀበልኩት።

ሌላ የቀረ የለም። ከፈለጉ ግማሹን አይላኩልኝ፤ ብፈልገውም አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እናቴ እንዳትሰማ። በዓለም ላይ ስለኔ ጥሩ የሚያስብ ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች። የእጅ ሰዓቴን ሸጬ ኦገስት አጋማሽ ላይ ለመምጣት እየተሰናዳሁ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ጆሮዋ ሥር ሆኜ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ እባክዎ ከሌላ ሰው አትስማው።

ኔቪል

---

ግሪምስቢ
ጁላይ 28፣ 2019

ይድረስ ለኔቪል፣

ደብዳቤህ ሜይ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ እንዳልኩህ። መልሴ የዘገየበት ግማሹ ምክንያት የባንኩ መዘግየት ነው።

ባንኩ ከፍሏል። ከነወለዱ አራት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ፓውንድ መጣ። ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር ነው የላኩት፤ የሲሪልን ስም ሲጽፉ አንድ ፊደል ዘለዋል።

ግማሹ ላንተ ይውላል ብዬህ ነበር። ውሏል። ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፣ ከቀብር አስፈጻሚው ነው። ያኔ ከራሴ ከፍዬው ነበር፤ አሁን ባንተ ድርሻ ተካሁት። የጎደለውን ሰማንያ ፓውንድ እኔ ሞልቼዋለሁ፣ አልጠይቅህም። ቀኑን ተመልከተው።

ኦድሪ ያረፈችው ባለፈው ዲሴምበር 28 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ጉንፋን ብሎ የጀመራት ደረቷ ውስጥ ገባ። አጠገቧ ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት ማታ «ኔቪል መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። መንገድ ላይ ነው አልኳት። ውሸት ነበር፣ ግን ለሷ የተዋሸ ውሸት ነው። በቀብሯ ላይ አራት ሰው ነበርን፣ ነርሷን ጨምሮ። ቄሱ ልጅ የላትም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስፔን ነው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

መጀመሪያ ሆን ብዬ አልነበረም። ጃንዋሪ ላይ ልነግርህ ብዕር አንሥቼ ነበር። «ለማንም አንዲት ሳንቲም ከፍሎ የማያውቅ ባዶ ወረቀት» ያልክበት ደብዳቤህ ፊቴ ተዘርግቷል። ውሸት መሆኑን ያኔ አውቄዋለሁ። ትንሽ ይቆይ ብዬ አለፍኩት። ዝም አይነቅዝም። ኋላ ቅጹ ሲመጣ፣ ያንን አረንጓዴ ቀለም ሳይ፣ ወር መቁጠር ጀመርኩ። ሲሪል ሰባት ወር ተኝቷል። አንተም ሰባት ወር ማዕዴ ላይ እየበላህ ዝም ብለኸዋል። ዛሬ እኔም ሰባት ወር ሞላኝ።

ጨካኝ ነሽ ትለኝ ይሆናል። ነኝ። ሲሪል እንደጠየቀህ፣ አንተም «የለም» እንዳልከው አላውቅም ነበር። እርግቦቹን ለመሸጥ ማሰቡን እንዳልሰማ ብሎ ደብቆኝ እንደነበርም አላውቅም ነበር፤ የሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ባለቤቴ የደበቀኝን ነገር ካንተ ሰማሁት። ያንን ሳነብ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን በላሁ። ደብዳቤህን ባነበብኩ ቀን እናትህ መሞቷን ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም። ያ የኔ ኃጢአት ነው፤ ለእግዚአብሔር እኔ እመልስለታለሁ። ካንተ ጋር ግን ተካክለናል።

የመጦሪያውን ስልክ ሰጥቼህ ነበር። አንዲት ቀን ብትደውል ነርሷ ትነግርህ ነበር። ስንት ሐሙስ ጠየቅኳት፤ የደወለ የለም አለችኝ።

የኋላው ክፍል ተይዟል። እናትህን ታጥባት የነበረችው ነርስ ተከራይታዋለች። ትኬቱን ካልገዛህ ባትገዛው ይሻልሃል።

የእናትህን የካርድ ወረቀቶች ስለጠየቅኸኝ ከመሳቢያዋ አውጥቼ አየኋቸው። ያቺ መስመር እዚያም አለች፣ በየወሩ። ሁሉንም በፖስታ አድርጌ ልኬልሃለሁ። ወራሿ አንተ ነህ። ለባንኩ «እናቴን ያታለልኳት እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍና ገንዘቡን ተቀበል። አንድ ወር ይቀርሃል።

እናቴ እንዳትሰማ ብለህ ለምነኸኛል። አልሰማችም።

ቴልማ